ያልተወለወለው በር

መኪናችን ባሕር ዳር የገባችው ከአዲስ አበባ በረጅም ተሳቢ ላይ ከሌሎች መሰሎቿ ጋር ተጭና ነው። ኮፈኗ፣ ጣሪያዋና በሮቿ ላይ ነጭ ላስቲክ ስለተለጠፈባቸው ቀለሟ የሚታየው በየመጋጠሚያው ብቻ ነበር። ሹፌሩ ከተሳቢው አውርዶ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ «ላስቲኩን አታንሱት፤ አቧራውን ይችልላችኋል» አለኝ። ምክሩ ደስ አለኝ። እኛ አዲስ ሶፋ ገዝተን ላስቲኩን ሳናወልቅ ዓመት የተቀመጥንበት ሰዎች ነን፤ የመኪናም ላስቲክ ቢቆይ ምን ነውር አለው ብዬ አሰብሁ።

ባለቤቴ ግን እንደዚያ አላሰበችም። እሷ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረቻትና፣ «ወደ ጥላው አስጠጋት» አለችኝ።

«ለምን?»

«ላስቲኩን ልናነሳው ነው። ሙጫው አሁን ለስላሳ ነው። የእኛ አገር ፀሐይ ከጋገረው በኋላ ላስቲኩ ቢነሳም ሙጫው ከቀለሙ ጋር ይቀራል።»

ጫፉን በጥፍሯ አነሳችና ቀስ እያለች፣ ወደ ራሷ ሳትጎትት ወደ ኋላ እያጠፈች ትልጠው ጀመር። ባለቤቴ የያዘችውን ነገር በጥድፊያ የማትሠራ ሰው ናት። ሽንኩርት ስትከትፍም፣ የተማሪ ፈተና ስታርምም እንዲሁ ናት። እኔ በአንድ ትንፋሽ ስቤ በጣልሁት ነበር። ላስቲኩ እየተነሣ ሲሄድ ከሥሩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ብቅ አለ። ሁለታችንም ቆመን አየነው። በሕይወታችን ማንም ሳይጠቀምበት በፊት የእኛ የሆነ መኪና ኖሮን አያውቅም።

በዚያ ሳምንት የማይመክረን ሰው አልነበረም። እኔ የምሠራው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። እዚያ አንድ ባልደረባዬ፣ «አዲስ መኪና ቶሎ ፖሊሽ ካልተደረገ ቀለሙ ይሞታል» አለኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ በአጥር በኩል ቆመው፣ «ልጄ፣ ዓመት እስኪሞላት ከውሃ በቀር ምንም እንዳይነካት። ቀለሟ ገና እርጥብ ነው» አሉኝ። እኔ ሁለቱንም አመንሁ። ጠዋት ከባልደረባዬ ጋር፣ ማታ ከጎረቤቴ ጋር እስማማ ነበር።

ቅዳሜ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መጣ። ከከተማው ዳር ላቫጆ አለው፤ መኪና ያጥባል፣ የደበዘዘ ቀለም ደግሞ በማሽን ይወለውላል። ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው አይደለም። «ከእኔ እጅ የወጣ መኪና ከሩቅ ይታወቃል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። የዚያን ዕለት የመወልወያ ማሽኑን በባጃጅ ጭኖ፣ ቀለም የነካውን የሥራ ልብሱን አውልቆ አዲስ ቱታ ለብሶ ነበር የመጣ።

«እትዬ፣ ይሄ የእኔ ምርቃት ነው» አላት። «ዛሬ መስታወት አድርጌ ነው የምሰጥሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። «ግን እስኪ ንገረኝ፤ ፖሊሹ ቀለሙን ምን ያደርገዋል?»

«ያበራዋል።»

«እንዴት አድርጎ?»

ማሽኑን ወንበር ላይ አስቀመጠ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። «ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚሉት ልባስ አለ፤ እንደ መስታወት ነው፣ ቀለም የለውም። የሚያበራው እሱ ነው። ጭረት ሲበዛበት ይደበዝዛል። ፖሊሹ ከጭረቱ ግራና ቀኝ ትንሽ ትንሽ ይበላና እኩል ያደርገዋል።»

«የበላው ይመለሳል?»

«የት ይመለሳል። አንዴ ሄደ ሄደ ነው።»

«እሺ። የእኛዋ ጭረት አለባት?»

የስልኩን መብራት አብርቶ በየበሩ፣ በየጎኑ እየተንበረከከ አየ። ጣሪያዋን ለማየት ወንበር ላይ ወጣ። ጊዜ ወስዶ ከጨረሰ በኋላ ቀና ብሎ፣ «የለባትም» አለ።

«ታዲያ ምኑን ልትበላው ነው?»

እኔ የሚቀየም መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሳቀ። «እውነት ለመናገር ሰዎች አዲስ መኪና ይዘው መጥተው ፖሊሽ አድርግልን ይሉኛል፤ አደርግላቸዋለሁ። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።»

«የእነሱን እነሱ ያውቃሉ» አለችው። «የእኛዋን ግን ክሊሯን ለእርጅናዋ አስቀምጥላት። ያኔ አንተን ነው የምጠራው፤ ሌላ ሰው አላስነካም።»

እኔ ይህን ችሎታዋን ሁልጊዜ አደንቃለሁ። ሰው ይዞልህ የመጣውን ስጦታ እንቢ ብሎ ሰውየውን አክብሮ መመለስ ቀላል አይደለም። ወንድሟ ማሽኑን ወደ ካርቶኑ ሲመልሰው ፊቱ አልጠቆረም፤ እንዲያውም ሲመጣ ከነበረው ይልቅ ደስ ያለው መሰለ።

«ባዶ እጄን ግን አልሄድም» አለ። መኪናዋን አጥቦ ካደረቀ በኋላ ስስ ፌስታል ከኪሱ አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ እጅህን እዚህ ውስጥ አግባና ጣሪያዋን ዳስስ» አለኝ። ባዶ እጄ ልስልስ ብሎ ያለፈበት ቀለም በፌስታሉ በኩል ስዳስሰው ጤፍ የተበተነበት ያህል ሻከረኝ። «ይሄ የባሕሩ፣ የወደቡና የመንገዱ ብናኝ ነው። በውሃ አይለቅም።» እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ነገር አወጣና በሳሙና ውሃ እያራሰ ቀለሙን በቀስታ አሸበት፤ ሊጡ እየጠቆረ ሄደ። ፌስታሉን መልሼ ስሞክር እጄ ምንም ሳይዘው ወረደ።

ከዚያ የሰም ቆርቆሮውን ከፈተ። እኔ የጎረቤታችንን ምክር አስታውሼ፣ «ዓመት ይቆይ አይባልም?» ስል ጠየቅሁት።

«እሳቸው የሚሉት ጋራዥ የተቀባ መኪና ነው። ጋራዥ ሲቀባ ቶሎ ሰም አይነካም። ፋብሪካ ግን ቀለሙን በእሳት ያበስለዋል፤ ይቺ በስላ ነው የመጣች። ሰም ደግሞ እንደ ፖሊሽ አይበላም፤ ከላይ ይለብሳል እንጂ። ዛሬም ብንቀባት ችግር የለውም።»

ባለቤቴ በመስማማት አንገቷን ነቀነቀች። እሱ በጨርቅ ይቀባል፣ እሷ ደርቆ ሲነጣ በሌላ ጨርቅ ታብሳለች። እህትና ወንድም የልጅነታቸውን ነገር እያወጉ፣ እየተጫወቱ ሥራውን እስከ ምሳ ጨረሱት።

መኪናዋን የገዛናት ለአማቴ ብለን ነው ማለት ይቻላል። አማቴ የሚኖሩት ቁንዝላ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። መጀመሪያ በመርፌ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ በኋላ ሰው የሚለዩት በድምፁ ብቻ ሆነ። ልጆቻቸው ሐኪም ቤት እንሂድ ሲሏቸው፣ «በአውቶቡስ ተጋፍቼ አልሄድም። ሰው ስረግጥ አይታየኝ፣ ሲረግጠኝ አላይ» ይሉ ነበር። በግንቦት፣ ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሸው፣ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን በስልክ ጠያይቀን ልናመጣቸው ተነሣን።

የነዳችው ባለቤቴ ናት። መሸንቲን አልፈን አስፋልቱን እስክንለቅ ድረስ ጥሩ ነበር። ኮረኮንቹ ሲጀምር ግን እኔ ዕረፍት አጣሁ። መንገዱ ሲጠብ የግራር ቅርንጫፍ በሁለቱም ጎን ወደ መስኮቱ ይዘረጋል። በየእሾሁ ቁጥር ትንፋሼን ስይዝ አይታኝ፣ «ዓይንህን ከእሾሁ ላይ አንሣና ድንጋዩን እይልኝ» አለችኝ። ድንጋዩን እያየሁላት ቁንዝላ ገባን።

አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሻንጣቸውን ከጎናቸው አድርገው በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። መኪናዋ አጠገባቸው ደርሳ ስትቆምም ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

«እማዬ፣ መጥተናል እኮ» አለች ባለቤቴ ወርዳ።

«በምን መጣችሁ? ሞተር አልሰማሁም።»

«በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው። ድምፅ የላትም።»

አማቴ ተነሥተው በእጃቸው ፈለጓት። መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አሳርፈው እስከ በሩ ድረስ በቀስታ እየዳሰሱ ሄዱ። «ልስልስ ያለች ናት። ቀለሟ ምንድን ነው?»

«ሰማያዊ።»

«ሰማያዊ ብዙ ነው። የትኛው?»

ባለቤቴ አሰበች። «ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሐይቁ ማዶ የሚነሣው ደመና።»

«እሱስ ጥቁር ማለት ነው» አሉና ገቡ።

አደጋው የደረሰብን ገና ከቁንዝላ ሳንወጣ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰውና በከብት ተጨናንቆ ነበር። ባለቤቴ ዳር ይዛ ቆመች። አንድ ሽማግሌ ገበሬ የባሕር ዛፍ አጠና የተጫነች አህያ እየነዱ በጎናችን ሲያልፉ አህያዋ ከአንድ ነገር ደነበረችና ዞረች። የአጠናው ጫፍ የኋላውን በር ከእጀታው ሥር ጀምሮ እስከ ጎማው ድረስ ጫረው። ድምፁ ጥርስ የሚያፋጭ ዓይነት ነበር። ወርጄ ሳይ ብረቱ ነጥቶ ወጥቷል፣ በሩም ጎድጉዷል።

የምናገረውን ባላውቅም የምናገረው መልካም ነገር እንዳልነበር አውቃለሁ። ከመናገሬ በፊት ግን ባለቤቴ በሌላው በር ወርዳ ቀደመችኝ። ሽማግሌው የአህያቸውን ገመድ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«አባቴ፣ እርስዎን ነካዎት?» አለቻቸው።

«እኔንስ አልነካኝ።»

«አህያዋስ?»

ሰውየው ያልጠበቁት ጥያቄ ስለነበር ዞር ብለው አህያዋን አዩ። «ደህና ናት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልጄ፣ እኔ ምን አፍ አለኝ። በሽማግሌ ልጠይቃችሁ። ሰው ልላክ።»

«ሽማግሌዋ እዚህ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል» አለች ባለቤቴ። «ለእሳቸው ይንገሯቸው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በመስኮቱ ነገሩን ከነአመጣጡ አስረዱ፤ አህያዋ ከምን እንደደነበረች፣ አጠናው ለምን ያን ያህል እንደረዘመ፣ ለልጃቸው ጎጆ እንደሚወስዱት ሁሉ ነገሯቸው። አማቴ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ሳያቋርጡ፣ እንደ ዳኛ ሰሙ።

«ብረቱ በእሳት ይቃናል?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁ።

«ይቃናል እማዬ። ቀለምም ይቀባል።»

«እንግዲያስ ሰው አልተጎዳም፣ ከብት አልተጎዳም» አሉ። «አንተም ዘመድ፣ አጠናህን በአህያዋ ልክ እንጂ ከአህያዋ በላይ አታስረዝም። ጎጆው የበረከት ይሁን። በል ሂድ።»

ሽማግሌው በመስኮቱ በኩል የአማቴን እጅ ሳሙ። ጥቂት እንደሄዱ ተመልሰው መጥተው ከአህያዋ ጎን ከተንጠለጠለው ከረጢት ሎሚ አውጥተው በእቅፍ ሙሉ አማቴ ጭን ላይ አፈሰሱ። እስከ ባሕር ዳር ድረስ መኪናችን ሎሚ ሎሚ ሸተተ። እኔ ንዴቴ ሳይወጣልኝ በመንገድ ቀረ። ባለቤቴን ከኋላ ወንበር ሆኜ በመስታወቱ እያየሁ፣ እኔ ባልኖርና እሷ ብቻዋን ብትሆን ይህ ነገር ጭራሽ ለእኔ የሚነገር ወሬ እንኳ እንደማይሆን አሰብሁ።

የአማቴ ቀዶ ሕክምና በሰላም አለቀ። ጨርቁ ከዓይናቸው ሲነሣ እኔም ባለቤቴም አጠገባቸው ነበርን። ለረጅም ጊዜ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩና፣ «ከስተሻል» አሏት። እሷም ጉንጫቸውን ይዛ አለቀሰች።

በሩን በዚያው ሰሞን ጋራዥ አስገባነው። ብረቱን አቀኑት፣ የጎደጎደውን በስቱኮ ሞሉት፣ አሸዋ በለበሰ ወረቀት ፈገፈጉት፣ ከዚያ ቀቡት። ቀቢው ቀለሙን ከፋብሪካው ቀለም ጋር ለማመሳሰል ብዙ ለፍቷል፤ አሁን ድረስ የማያውቅ ሰው አይለየውም። መኪናዋን ስናወጣት የባለቤቴ ወንድም መጥቶ በሩን አየ። እኔ እንደ በፊቱ ሰም ቆርቆሮ ይዞ የመጣ መስሎኝ፣ «እንግዲህ ይሄኛውንም ቀባልን» አልሁት።

«ይሄን በርማ ሁለት ወር አልነካውም» አለ።

«ያኔ መኪናዋን በገባች በሳምንቷ ቀባሃት አይደል?»

«ያቺ በእሳት የበሰለች ናት አልሁህ እኮ ጋሼ። ይሄ በአየር ነው የሚደርቅ። ላዩ ደርቋል፤ ውስጡ ግን ገና ይተነፍሳል። አሁን ሰም ብቀባበት ያፍነዋል። ፖሊሽማ ጭራሽ አይታሰብም። እጠቡት፣ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁት፣ በቃ።»

ባለቤቴ ከጎኑ ቆማ፣ «ቀለሙን የሚያቀጥኑበት ነገር ተኖ እስኪያልቅ ነው» አለች። እሱ «እሱን ነው የምለው» አላት። ሁለቱ በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ሲናገሩ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ በአጥሩ በኩል፣ «እኔስ ምን አልሁ» አሉኝ። ለዚያ በር በእርግጥም ልክ ነበሩ። የተሳሳቱት ስለ ሌሎቹ በሮች ብቻ ነው። ይህን ልነግራቸው አልፈለግሁም።

ክረምቱ ገባ። አማቴ እኛ ዘንድ ሆነው ዓይናቸውን ጠብታ እያደረጉ ሰነበቱ። ማየት አልጠግብ አሉ። በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው የአጥሩን ቆርቆሮ ዝገት፣ የጎረቤትን ዶሮ፣ የልብሳችንን ስፌት ሁሉ ያያሉ። የሸሚዜ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር መሰፋቱን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ለብሼው ዓመታት ሆኖኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲዘንብ በረንዳው ላይ አብረን ተቀምጠን ነበር። መኪናዋ ግቢው መሀል ቆማለች።

«ያ በር ምን ሆኗል?» አሉኝ።

«የትኛው?»

«የኋለኛው። በሌሎቹ ላይ ውሃው እየተድበለበለ ይወርዳል። በዚያኛው ግን ተዘርግቶ ነው የሚፈስ።»

እውነትም በሌሎቹ በሮች ላይ ጠብታው ክብ ክብ እየሠራ ይንከባለላል፤ በተቀባው በር ላይ ግን እንደ ጨርቅ ተነጥፎ ይወርዳል። በየቀኑ አጠገቡ ቆሜ በሩን ስከፍት፣ ስዘጋ ከርሜ አላየሁትም ነበር። ሌሎቹ ሰም እንደተቀቡና ያ በር ገና እንደሆነ፣ ውስጡ እስኪደርቅ እንደምንጠብቅ ነገርኋቸው።

«እንደ ምርጊት በለኛ» አሉ። «የቤት ጭቃ ላዩ ስለደረቀ ብለህ ኖራ የቀባህበት እንደሆነ ይላጣል። እኛ ክረምት አሳልፈን ነው የምንቀባ።» ከዚያ በሩን ደግመው አዩትና፣ «ሳይቸኩሉ መያዛቸው ደግ ነው» አሉ። ልጆቻቸውን ማለታቸው ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አማቴ፣ «ፍልሰታን በደብሬ ነው የምጾም» ብለው ለመሄድ ተነሡ። ለምነናቸው አልቆዩም። ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ሰማዩ ፈካ። የባለቤቴ ወንድም መጣና በሩን በፌስታል ዳሰሰው፣ በጥፍሩ ጠርዝ ላይ ጫን አድርጎ ሞከረው፣ አሸተተውም። ጋራዥ ጋራዥ አይሸትም ነበር። «አሁን ይቻላል» አለ።

ሰሙን በስፖንጅ ነካ አድርጎ ለእናቱ ሰጣቸው። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ጎንበስ ብለው መቀባት ጀመሩ።

«ስስ አድርጊው እማዬ። ብዙ ሲሆን አይጠቅምም።»

«ቅቤ እንኳ ሲበዛ ይሰለቻል» አሉት እጃቸውን ሳያቆሙ። አጠናው የጫረው የት ጋ እንደነበር ጠየቁ። ባለቤቴ በጣቷ አሳየቻቸው። ጠጋ ብለው ፈለጉ፣ ከጎንም አዩት፤ ምንም አላገኙም። «አጃኢብ ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሰሙ ደርቆ ሲነጣ ባለቤቴ በንጹህ ጨርቅ አበሰችው። ወንድሟ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያቸዋል። እሱ በሥራው ላይ ሌላ ሰው ሲገባበት የማይወድ ሰው ነው፤ የዚያን ዕለት ግን አንድም ቦታ አላረመም።

በማግሥቱ ወደ ቁንዝላ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ስለሆነ አማቴ በጀልባ እንዲሄዱ ተስማማን። ወደብ ድረስ ባለቤቴ ነዳችላቸው። ጀልባው ላይ ወጥተው ውስጥ አልገቡም፤ የመደገፊያውን ብረት ይዘው ከውጭ ቆሙ። እኛ ወደ ቤት ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ ስልክ ተደወለ። ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ነፋሱ ይሰማል።

«እማዬ፣ አሁንም ቆመሽ ነው? ኧረ ተቀመጪ።»

«ምን ያስቀምጠኛል» አሉ አማቴ። «ደቅ ደሴትን እያየሁ ነው። ዛፉ እንዲህ በዝቶ ነበር እንዴ?»